ነፋሱ የነፈሰ ዕለት

ኒልዳ ኮልኬ ከአገሯ ከቦሊቪያ ስትወጣ ለራሷ ሁለት ነገር ምላ ነበር፤ ማንም ፊት ላታለቅስ፣ ማንንም ላትለማመጥ። ሰባት ወር ሙሉ ሁለቱንም ጠበቀች። የመጀመሪያው እንኳ አላስቸገራትም። የብራዚሉ ኦሮ ፕሬቶ ጭጋጉ ከጣሪያ የማይነሣበት ከተማ ነው። የሰው ፊት ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ምን ሆንሽ የሚል የለም።

አባቷ በፖቶሲ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሳንባውን ትቶ የወጣ ሰው ነው። ወደ ብራዚል ሲሸኛት የራስ ቁሩን ሰጥቷት "እኔ ከሥር ያየሁትን አንቺ ከላይ ሆነሽ እይው" አላት። ሌላ የሚሰጣት አልነበረውም። በሁለቱ አገሮች ስምምነት የመጣች የልውውጥ ተማሪ ናት፤ ፈቃዷ በዲሴምበር ያልቃል። ትምህርቷን እዚያው ለመጨረስ ቋሚ መኖሪያ እንዳላት ማሳየት ነበረባት። በዚያ ከተማ ደግሞ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ቋሚ መኖሪያ የሚያገኘው የተማሪዎች ቤት ነባሮች ሲመርጡት ነው።

ኒልዳ ያረፈችበት የሴት ተማሪዎች ቤት "እርጥብ ድመት" ይባላል። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ የሚኖሩበትም አያውቁትም። ሰባት ነባሮች አሉ፤ አለቃቸው ጁሳራ ናት፤ ድምፀ ወፍራም፣ ትከሻ ሰፊ፣ የብረታ ብረት ተማሪ። ኒልዳ የመጣች ቀን ደጃፉ ላይ አቁማ ምርጫ ሰጠቻት።

"እንግዳ ሆነሽ ከኖርሽ ማንም ድስት አያሳጥብሽም። ዲሴምበር ላይ ግን ትሄጃለሽ። የቤቱ ልጅ መሆን ካማረሽ እንደ ማንኛዋም አዲስ ገቢ ትፈተኛለሽ። በመጨረሻ ሰባታችን እንመርጣለን። ሰባታችንም ትግባ ካልን ትገቢያለሽ፤ አንዷ እምቢ ካለች ደህና ሁኚ ነው።"

"ድስቱ የት ነው?" አለች ኒልዳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ ከፋች፣ ድስት አጣቢ፣ ስልክ አንሺ እሷ ሆነች። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የድሮ ተመራቂዎች ፎቶ ከነስማቸውና ከነዓመታቸው በቃሏ ያዘች። ለአዲስ ገቢ ሁሉ እንደሚደረገው ቅጽል ስም አውጥተውላት በካርቶን ጽፈው አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። ላማ አሏት፤ በአገሯ ተራሮች ጭነት የሚሸከመውን እንስሳ ማለታቸው ነው።

"ላማ! በር!"

"ላማ እኮ ሲሰድቡት ይተፋል፤" ትል ነበር እየሄደች። "ራቅ ብላችሁ ጥሩኝ።"

ሰባቱ በሳቅ ይወድቃሉ። ኒልዳ አትስቅም። እነሱ የሚያሾፉት ስለወደዷት እንደሆነ የሚነግራት አጥታ ሳይሆን፣ ቢነግሯትም አታምንም ነበር። ተንቆ ያደገ ሰው ፍቅርንም ይፈትሸዋል፤ ከታች ንቀት ተለጥፎበት እንደሆነ ብሎ።

አንድ ሰው ብቻ መፈተሽ ሳትጀምር ገብቶባት ነበር። ኦታቪዮ ይባላል፤ ከዳገቱ ማዶ ካለው የወንዶች ቤት ነው፤ የሥነ ምድር ተማሪ። ኒልዳ በመጣች በሳምንቷ የረጠበው ድንጋይ አዳልጧት መንገድ መሀል በመቀመጫዋ ዘጭ ስትል አጠገቧ ነበር። እጁን አልዘረጋላትም። አይዞሽም አላላትም። ከነቦርሳው አጠገቧ ተቀመጠና የሚያልፈውን ሰው ሁሉ "እንደምን ዋላችሁ" ማለት ጀመረ፤ ሁለቱም ሆን ብለው ጨዋታ የያዙ እስኪመስል። ወደ እሷ ዘወር ብሎ "አሁን ማን ወደቀ ይላል?" ሲላት፣ በብራዚል ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ችግሩ እናቱ ናቸው። ዶና ኤሎይዛ ከሠላሳ ዓመት በፊት የእርጥብ ድመት ልጅ ነበሩ፤ ፎቷቸው ሳሎን ውስጥ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ሦስተኛው ነው። አሁን በቤሎ ኦሪዞንቴ ትልቅ የድንጋይ ማውጫ አላቸው። ኒልዳ በየቅዳሜው የፎቶዎቹን አቧራ ስትጠርግ እሳቸው ላይ ስትደርስ እጇ ይከብዳታል። "ምን ያፈጥጡብኛል?" ትላቸዋለች በሹክሹክታ። "እኔ አልጠራሁትም፤ ራሱ ነው የመጣው።"

ኦክቶበር አሥራ ሁለት የድሮ ልጆች ሁሉ ወደየቤታቸው የሚመለሱበት በዓል ነው። በዚያ ቀን ዶና ኤሎይዛ ከግድግዳው ወርደው የመጡ ያህል ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። ኒልዳ ካርቶኗን አንጠልጥላ ባቄላና የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ታቀርባለች።

"ይቺ ናት?" አሉ ዶና ኤሎይዛ ጁሳራን። ዓይናቸው ባቄላው ላይ ነው።

"እሷ ናት፣ ዶና ኤሎይዛ።"

"ዲሴምበር ላይ ትሄዳለች አይደል?"

"ጆሮ አለኝ እኮ፤" አለች ኒልዳ። "እኔን ይጠይቁኝ።"

ሹካ ሁሉ ባለበት ቆመ። ዶና ኤሎይዛ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"እሺ፣ አንቺን ልጠይቅሽ። ልጄ ምንሽ ነው?"

"እሱን ደግሞ ልጅዎን ይጠይቁት። እኔ አሁን ባቄላ ላይ ነኝ።"

ወይዘሮዋ ሹካቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ኒልዳ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ፖቶሲ ውስጥ የጉድጓዱ ባለቤቶች ሠራተኛ ሲያባርሩ እንዲህ ነው የሚያዩት። ቢያንስ እሷ እንዲያ ገባት፤ ልቧም እዚያው፣ ባቄላውን እንደያዘች፣ መሰናበት ጀመረ።

* * *

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኦታቪዮ መንገዷ ላይ ካለው ምንጭ አጠገብ ጠበቃት። ሌላ ጊዜ ገና ከሩቅ ሲያያት የሚፈካው ፊቱ ያን ቀን የሆነ ነገር የዋጠ ይመስላል።

"ዛሬ ቤት ስትገቢ ምንም ነገር ብታዪ ሳቂ።"

"ምን አለ?"

"መናገር አልችልም፤ አስምለውኛል። ሳቂ በቃ። መሳቅ ካቃተሽ ደግሞ ጩኺ፤ ግን ሳሎን ገብተሽ ጩኺ።"

"እኔ ምስጢር አልወድም።"

"እኔን ግን ትወጂኛለሽ።"

"ማን ነገረህ?"

ሳቀ። የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከለላትና ጣቱ አንገቷ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። "እመኚኝ" አላት። ቀኑን ሙሉ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማዕድን ስትመዝን ያቺ ጣት አንገቷ ላይ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ እያካፋ ዳገቱን ወጥታ በሩን ስትከፍት ግቢው መሀል ፍራሿን አየች።

ፍራሹ ላይ ልብሷ። ልብሷ ላይ መጻሕፍቷ፣ ጫማዋ፣ የውስጥ ልብሷ ሳይቀር ለዓለም ተዘርግቶ። የአባቷ የራስ ቁር በአፉ ተደፍቷል። አባቷ ጎረቤት እያጻፈ የላካቸው ደብዳቤዎች ተበትነው ካፊያው ቀለማቸውን እያፈሰሰው ነው። ከሁሉ በላይ፣ እንደ መቃብር ምልክት፣ ላማ የሚለው ካርቶን ተተክሏል።

ቤቱ ጭር ብሏል። ከሳሎኑ በር ጀርባ ግን የታፈነ ሳቅ ሰማች። በእጅ የተያዘ ሳቅ። በመስኮቱ መጋረጃ ስንጥቅ አየች፤ ዶና ኤሎይዛ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል፤ ፈገግ ብለዋል። አጠገባቸው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ኦታቪዮ።

ሳቂ ያላት ለካ ለዚህ ነው።

ደብዳቤዎቹን ለቅማ ደረቷ ውስጥ ከተተች። የደረሰችበትን ልብስ ሻንጣዋ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ የራስ ቁሩን አጠለቀች። ሳሎን ገብታ ልትጮህ ትችል ነበር፤ ከበሩ አራት እርምጃ ነው ያለችው። ግን መጮህ እንደ መለማመጥ ሆነባት። ለሚስቁባት ሰዎች ማመልከት አልፈለገችም። የግቢውን በር ሳታጮኸው፣ በጨዋ ደንብ ዘግታ ወጣች።

ከዚያ ዳገቱን እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ሊዘጋ ሲል ደርሳ "አልቀጥልም፤ ወደ አገሬ እመለሳለሁ" የሚለውን ቅጽ ጠየቀች። ሳታመነታ ፈረመች። በዚያ ኮራች፤ እንዲህ ያለው ኩራት ነው ሰውን የሚያስለቅሰው።

ያን ምሽት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ የድንጋይ ድስት የምትሸጠው ዶና ዙልሚራ ቤት አንድ ክፍል አገኘች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጻፈች።

"ኦታቪዮ፣
እናትህ ምን ያህል ከፍ ያሉ እንደሆኑ ዛሬ በመስኮት አየሁ። አንተም ምን ያህል ከሥራቸው እንደሆንክ አየሁ። እንድስቅ ቀጥረኸኝ ነበር፤ ይቅርታ፣ የኔን ድርሻም አንተ ሳቅልኝ። በእኛ አገር ሰውን ጉድጓድ ሲከቱት ጨለማ መሆኑን አስቀድመው ይነግሩታል። አንተ ግን እመኚኝ አልከኝ። እንዳትፈልገኝ።
ኒልዳ"

ደብዳቤውን የዶና ዙልሚራ ምራት ወስዳ ሰጠችው። መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። አትፈልገኝ ብላ የጻፈች ሴት ሁለት ቀን ሙሉ የእግር ኮቴ ስታዳምጥ ዋለች፤ ማንም ግን አላወቀባትም።

* * *

በሦስተኛው ቀን የመጣው ኮቴ ከባድ ነበር። ጁሳራ ናት። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻዋ ከግድግዳ ግድግዳ ደረሰ። ቀጭን ፖስታ አልጋው ላይ አኖረች።

"ሦስቱ ከፍራሹ ሥር ቀርተው ነበር። አድርቀን ተኩሰናቸዋል። ቀለሙ ግን..."

የአባቷ ደብዳቤዎች ናቸው። ከሸሚዝ በላይ በጥንቃቄ ተተኩሰዋል።

"ከጣላችሁት በኋላ መተኮስ ምን ይባላል?" አለች ኒልዳ።

"አንቺ ልጅ፣ ማን ጣለሽ?"

"እኔ ነኝ እንዴ የራሴን ፍራሽ ዝናብ ላይ ያወጣሁት?"

ጁሳራ ወንበር አጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያ ድምፀ ወፍራም ጉሮሮዋ ያን ቀን ሰልሏል።

"ነፋስ ነው የምንለው። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አዲስ ገቢ የሌለችበትን ሰዓት ጠብቀን ዕቃዋን ሁሉ አውጥተን እንከምራለን። ስትመጣ ደሟ ፈልቶ ሳሎን ገብታ ትሰድበናለች። የኔን ፍራሽ ማንጎ ዛፍ ላይ ነበር የሰቀሉት። ገብቼ ሰባቱንም ከነእናታቸው ሞልጬ ሰደብኳቸው። ስጨርስ ኬክ አመጡ።"

"ኬክ?"

"ነፋስ ለመረጥናት ብቻ ነው የሚነፍሰው፣ ኒልዳ። የማንፈልጋትን ዕቃዋን አጥፈን፣ አመስግነን፣ እስከ በር እንሸኛለን።" በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራቻት። "ያን ቀን ጠዋት መርጠንሽ ነበር። ሰባታችንም። ሳሎን ውስጥ ትንፋሻችንን ይዘን ስንጠብቅሽ ነበር። ዝናቡን ደግሞ አላሰብነውም፤ እሱን ጥፋተኞች ነን። የግቢው በር ሲዘጋም አልሰማንም። 'ይቺ ላማ ምን ትጠብቃለች?' እያልን ነበር።"

ኒልዳ የተተኮሰውን ወረቀት ጫፍ በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"ዶና ኤሎይዛስ?" አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት።

"ፍራሽሽን የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። በዚያ በሚያማቸው ወገብ። 'ባቄላ እያቀረበች የምትመልስልኝን ልጅ እኔው ራሴ ካልነፈስኩባት ከዚህ አልሄድም' ብለው ነው ሁለት ቀን የቆዩት። ልጃቸውንም አስምለው ሳሎን ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ መጀመሪያ እንዲያቅፍሽ ብለው።"

ውጭ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሣ። ኒልዳ እስኪርቅ ድረስ ጠበቀች።

"እመለሳለሁ" ማለት ፈለገች። አፏ የወለደው ግን ሌላ ነው። "ታዲያ ዕቃዬን ልታመጪ ነው ወይስ ልትወስጂኝ?"

ጁሳራ አቀረቀረች።

"ሻንጣ ይዛ ደፉን የተሻገረች ፈተናዋን ጥላለች ይላል ሕጉ። ለምርጫ ዳግም አትቀርብም። ልጆቹ ሲያለቅሱ ነው ያደሩት፤ ግን አንዷም ሕጉን እንጣስ አላለችም። እኔም አላልኩም። ብያለሁ ብልሽ ውሸቴን ነው።" ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። "አራት እርምጃ ነበር እኮ፣ እህቴ። ገብተሽ ብትሰድቢን ምን ነበረበት?"

ምን ነበረበት? ኒልዳ ጥያቄውን ይዛ ቀረች። ያን ያህል ኩራት አሳድጎ ለዚህ ያበቃትን ሁሉ ልትረግም ፈለገች፤ የምትረግመው ግን ከራሷ ሌላ ሰው አጣች።

* * *

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ለዶና ዙልሚራ ክፍል የመኖሪያ ማረጋገጫ አስጽፋ ይዛለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለችው ጸሐፊ ፊት ቆማ በሃያ ሁለት ዓመቷ አፏ ላይ ውሎ የማያውቅ ቃል አወጣች።

"ተሳስቻለሁ። የፈረምኩት ይሰረዝልኝ።"

ጸሐፊዋ መዝገቡን ገለጠች። መነጽሯን አወረደች። እንደገና አየች።

"የኔ እናት፣ ቦታው በዚያው ማግስት ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። ልጁ ደስታውን በስልክ ሲጮህ እዚህ ድረስ ሰምተነዋል።" ከዚያ የኒልዳን ፊት አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሳትፈርሚ አንድ ቀን ብትቆዪ ኖሮ..."

"አውቃለሁ" አለች ኒልዳ።

ከዚያ ወጥታ ወደ አውቶቡስ መሄድ ትችል ነበር። ከእንግዲህ ማንንም ብትለምን የምታተርፈው የለም። ዳገቱን የወጣችው ግን ይኼ ከገባት በኋላ ነው።

ኦታቪዮ ሥነ ምድር ክፍል ምድር ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር። መስታወት ላይ የተጣበቀ ድንጋይ በእርጥብ አሸዋ እየፋቀ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ያሳሳዋል። ቀና ብሎ አያት፤ እጁ አላቆመም። ጢሙን አልተላጨም። ዓይኑ ሥር የተኛው ጥላ ሦስት ቀን ሙሉ ያልተላከ መልስ ነበር።

"ጁሳራ ነግራሻለች ማለት ነው።"

"ነግራኛለች።"

"አሁን አመንሽ፤ እኔ ስላልኩሽ ሳይሆን ሌላ ሰው ስለመሰከረልኝ።"

"ኦታቪዮ..."

"ቆይ፤ ላውራ። ሦስት ቀን ለግድግዳ ሳወራ ነው የከረምኩት።" እጁ አሁን ቆመ። "ደብዳቤሽን ስንቴ እንዳነበብኩት ታውቂያለሽ? ለእናቴ አላሳየኋትም። 'ልጅቷ ምን ሆና ነው?' ስትለኝ 'አሟት ነው' አልኳት። ስላንቺ ዋሸሁ። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ሳትፈትሺኝ ያደርሽው አለ? ስስቅልሽ ትፈትሻለሽ፣ ዝም ስል ትፈትሻለሽ። በመጋረጃ ቀዳዳ አንዴ አየሽኝና ፈረድሽብኝ። እመኚኝ ብዬሽ ነበር እኮ!"

"ሲያዋርዱኝ መሳቅ ማን አስተማረኝ?" ድምፅዋ ጮኸ፤ ወዲያው ወደቀ። "ማንም አላስተማረኝም። ይኼ ግን ያንተ ጥፋት አይደለም።"

ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

"ለመቅረት ብለሽ ነው የመጣሽው?" አለ። ቀዝቃዛ ሊያደርገው የፈለገው ድምፅ ውስጥ ተስፋ ሾልኮ ወጣ፤ እሱም ሰማው፤ አፈረበት።

"መቅረቱ አልቋል። ቦታዬ ለሌላ ተሰጥቷል። ቅዳሜ እሄዳለሁ።"

ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሲወርድ አየች።

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

እንደዚያ ቀን ግቢ ውስጥ፣ ዛሬም ከሷ የሚፈለገው ጥቂት እርምጃ ነው። ሄደች። ጭቃማ እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

"ይቅርታ ልጠይቅህ። የማገኘው ነገር ኖሮ አይደለም። በድዬሃለሁ፤ አንተ በወደድከኝ መጠን እኔ አላመንኩህም። ይቅር በለኝ።"

እንባዋ ወረደ። ማንም ፊት አላለቅስም ያለችው ልጅ እሱ ፊት፣ ደመና በሌለበት ቤት ውስጥ፣ በዝናብ የማይሳበብ እንባ አለቀሰች።

ኦታቪዮ ግንባሩን ግንባሯ ላይ አስደገፈ።

"ይቅር ብዬሻለሁ፤" አላት። "ደብዳቤሽን ሳልጨርሰው ነው ይቅር ያልኩሽ። ግን አልዋሽሽም፣ ኒልዳ። ጠብቂኝ ልልሽ ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ተሰብሮብኛል። ይጠገን አይጠገን አላውቅም።"

"አትበለኝ፤" አለች። "ያላወቅከውን አትበለኝ።"

እጁን መጀመሪያ የለቀቀችው እሷ ናት፤ እሱ እንዲለቅ መጠበቅ አልቻለችም። ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ስሟን የጠራት መሰላት፤ ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ሁለቱም ጊዜ ቧንቧው ነበር።

ውጭ ጭጋጉ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ዳገቱን፣ ሰውን ሁሉ ውጦታል። ኒልዳ ዕድሜዋን ሙሉ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ከቁመቱ የሚያንስ ይመስላት ነበር። ጠየቀች፤ አላነሰችም። ከመቼውም በላይ ሙሉ ሰው ሆና፣ የሚያያት ሰው በሌለበት መንገድ ላይ ቆመች።